የመርከብ መኮንን በባሕር ወንበዴ እጅ ሲወድቅ፦ የመድኑ ኃላፊነት የማን ነው?

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በጉና ተራራ ዙሪያና በአባይና በበሽሎ ሸለቆዎች ዳር የሰፈሩ፣ ከባሕር እጅግ የራቁ የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር አገሮች ቢሆኑም፣ የባሕር ንግድ ግን ሳይነካቸው የሚያልፍ አይደለም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በወልድያ የሚመጣ ጭነት ነፋስ መውጫንና ደብረ ታቦርን አልፎ ወደ ወረታ የሚወርድበት አውራ ጎዳና የጋይንትን ምድር ሰንጥቆ ያልፋል፤ ወረታ ላይም ደረቅ ወደብ፣ ማለትም ከባሕር ርቆ ኮንቴይነር የሚራገፍበትና የጉምሩክ ሥርዓት የሚፈጸምበት ስፍራ፣ ተቋቁሟል። ከጭነቱ ባልተናነሰ ሁኔታ ባሕርን ለእነዚህ አገሮች ያቀረበው ግን ትምህርት ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ የመካኒካልና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ ለመርከብ መኮንንነት ያዘጋጃል፤ ቢሾፍቱ ያለው የባቦጋያ ማሪታይምና ሎጂስቲክስ አካዳሚም በዚሁ ዘርፍ ያሠለጥናል። በመሆኑም በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ተምሮ ያደገ ወጣት በጥቂት ዓመታት ውስጥ የውጭ አገር ባንዲራ በሚያውለበልብ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ይህ ወጣት በሥራው ላይ እያለ በባሕር ወንበዴዎች ቢጠቃ፣ ቢቆስል፣ ለወራት ቢታገት ወይም ሕይወቱን ቢያጣ፣ ደመወዙን፣ ሕክምናውን፣ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ወጪና ለቤተሰቡ የሚገባውን ካሳ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከሕግ ባለሙያዎች ይልቅ ልጃቸውን ለሚሸኙ ወላጆች የቀረበ ጥያቄ ነው። አጭሩ መልስ ኃላፊነቱ የመርከቡ ባለንብረት ነው የሚል ነው። ነገር ግን በመርከብ ዓለም ብዙ ዓይነት መድን ስላለና አብዛኛው የሚጠብቀው ሰውን ሳይሆን ንብረትን ስለሆነ፣ «መርከቡ መድን አለው» የሚለው ቃል ብቻውን መኮንኑ መድን አለው ማለት አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለይቶ ማወቅና ከፊርማ በፊት መጠየቅ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቁልፍ ነው።

መኮንኑና ወንበዴው

የንግድ መርከብ ሠራተኞች በሁለት ይከፈላሉ፤ እነርሱም የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ይዘው የሚያዝዙና የሚመሩ መኮንኖች፣ እንዲሁም ሥራውን በእጃቸው የሚያከናውኑ መርከበኞች ናቸው። ከመኮንኖቹ መካከል ካፒቴኑና የመርከብ መንገድ የሚመሩት የመርከብ ወለል መኮንኖች ይባላሉ፤ ዋናው ኢንጂነርና ረዳቶቹ የሞተሩን ክፍል ይመራሉ፤ የኤሌክትሮ ቴክኒካል መኮንኑ ደግሞ የኤሌክትሪክና የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎችን ይይዛል። ከኢትዮጵያ የምህንድስና ትምህርት ቤቶች የሚወጡት ወጣቶች በአብዛኛው የሚሠለጥኑት ለኋለኞቹ ሁለት ሙያዎች ነው።

ወንበዴዎች መርከብ ላይ ሲወጡ በቅድሚያ የሚፈልጉት እነዚህኑ መኮንኖች ነው፤ መርከቡን ወደሚፈልጉት የባሕር ዳርቻ የሚያስኬድላቸው፣ ሞተሩን የሚያስነሣላቸውና ከባለንብረቱ ጋር በሬዲዮ ወይም በሳተላይት ስልክ የሚያገናኛቸው ሌላ ሰው የለምና። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2009 ማርስክ አላባማ የተባለችው የአሜሪካ መርከብ ከሶማሊያ ዳርቻ ራቅ ብላ በተጠቃች ጊዜ መርከቧ ብታመልጥም ካፒቴኑ በሕይወት አድን ጀልባ ተወስዶ የአሜሪካ የባሕር ኃይል እስኪያስለቅቀው ድረስ ለቀናት ታግቶ ቆይቷል። በምዕራብ አፍሪካ የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ወንበዴዎች መርከቡን ትተው ሰዎቹን ብቻ ይዘው ወደ የብስ የመሸሽ ልማድ አዳብረዋል፤ የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የማሪታይም ቢሮ እንደመዘገበው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ከመርከብ ከታፈኑት 135 ሰዎች ውስጥ 130ዎቹ የተወሰዱት ከዚሁ ባሕረ ሰላጤ ነው። ይህ የአፈና ዓይነት ለመድን ጥያቄው ልዩ ትርጉም አለው፤ መርከቡ ሳይጎዳ ጉዞውን ስለሚቀጥል የመርከቡ መድን ሰጪ የሚከፍለው ነገር ላይኖር ይችላል፣ ጉዳቱ በሙሉ በታፈኑት ሰዎች ላይ ይቀራል።

ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኤደን ባሕረ ሰላጤና ቀይ ባሕር ነው፤ ከአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ በመሆኑ፣ ወደዚያ የሚመጣ መርከብ ሁሉ በእነዚህ ውኃዎች ማለፍ ግድ ይለዋል። የሶማሊያ የባሕር ውንብድና እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ተባብሶ፣ በ2010 በዓለም ላይ 53 መርከቦች ተጠልፈው 1,181 ሰዎች ታግተዋል፤ ከተጠለፉት መርከቦች 49ኙ የተወሰዱት በሶማሊያ ዳርቻ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትና ሌሎች የባሕር ኃይሎች ቅኝት፣ በመርከቦች ላይ የታጠቁ ጠባቂዎች መመደብና የመርከብ ባለንብረቶች ያወጡት የጥንቃቄ መመሪያ ተደምረው ውንብድናው ከ2012 በኋላ በእጅጉ ቢቀንስም፣ በታኅሣሥ 2023 ሩዌን የተባለችው መርከብ፣ በመጋቢት 2024 ደግሞ አብዱላህ የተባለችው የባንግላዴሽ መርከብ መጠለፋቸው አደጋው እንዳልሞተ አሳይቷል።

ብዙ መድን፣ የተለያየ ዓላማ

በመርከብ ንግድ ውስጥ «መድን» የሚለው ስም የሚሸፍናቸው ውሎች ቢያንስ አራት ናቸው። የመጀመሪያው የመርከቡን አካልና ሞተር ከግጭት፣ ከእሳትና ከመስጠም የሚጠብቅ ነው። ሁለተኛው የጦርነት አደጋ መድን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የለንደን መድን ሰጪዎች የውንብድናን አደጋ ከተራው የመርከብ መድን አውጥተው ወደዚህኛው እንዲዛወር የሚያስችሉ አንቀጾች በማዘጋጀታቸው፣ ዛሬ በብዙ ውሎች ውንብድና የሚሸፈነው በጦርነት አደጋ መድን ነው። የለንደን ገበያ የጦርነት አደጋ ኮሚቴ አንድን የባሕር ክልል አደገኛ ብሎ በዝርዝሩ ሲያሰፍር፣ በዚያ የሚያልፍ መርከብ ለእያንዳንዱ ጉዞ ተጨማሪ አረቦን፣ ማለትም ለመድን ሰጪው የሚከፈል ዋጋ፣ ይጠየቃል፤ የኤደን ባሕረ ሰላጤ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር። የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ማጥቃት ከጀመሩ በኋላ ይህ አረቦን ለአንድ ጉዞ እስከ መርከቡ ዋጋ 1 በመቶ መድረሱ ተዘግቧል፤ ይህ ማለት 50 ሚሊዮን ዶላር ለሚያወጣ መርከብ አንድ ማለፊያ እስከ 500,000 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ ግን የሚጠብቀው የብረቱን ዋጋ ነው፤ መኮንኑ በዚህ ውል ውስጥ ተዋዋይ አይደለም።

ሦስተኛው የአፈናና የማስለቀቂያ መድን ይባላል። ባለንብረቱ ለወንበዴዎች የሚከፍለውን ቤዛ፣ የተደራዳሪ ባለሙያዎችን ክፍያና ገንዘቡን የማድረሻ ወጪ ይተካል። የዚህ መድን ውል አብዛኛውን ጊዜ በምስጢር ይያዛል፤ ወንበዴዎች መኖሩን ካወቁ የሚጠይቁትን ገንዘብ ከፍ ያደርጋሉ ተብሎ ስለሚፈራ፣ በመርከቡ ላይ ያሉት መኮንኖች ራሳቸው እንኳ እንዳለ ላያውቁ ይችላሉ። ቤዛ መክፈል በእንግሊዝ ሕግ ሕገወጥ እንዳልሆነ የለንደን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ቡንጋ ሜላቲ ዱዋ በተባለችው መርከብ ጉዳይ አረጋግጧል። ከዚህም ሌላ ቤዛ የተከፈለው መርከቡንም ጭነቱንም ለማዳን ስለሆነ፣ ከጥንት ጀምሮ በባሕር ንግድ በሚሠራበት የጋራ ጉዳት ሥርዓት፣ ማለትም ለሁሉም ደኅንነት ሲባል የወጣን ወጪ የመርከቡና የጭነቱ ባለቤቶች እንደየድርሻቸው የሚካፈሉበት ሥርዓት፣ ይከፋፈላል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ሎንግቻምፕ በተባለችው መርከብ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ በድርድሩ ጊዜ ለሠራተኞች የተከፈለ ደመወዝ እንኳ በዚህ ሥርዓት ሊጋራ እንደሚችል አረጋግጧል። ይህ ውሳኔ ለባለንብረቱ ጥቅም ብቻ የቆመ ቢመስልም፣ ለታጋቹ ደመወዝ መክፈል የባከነ ገንዘብ እንዳልሆነ ስለሚያሳይ፣ «መርከቡ ታግቶ ሳለ ደመወዝ ከየት ይመጣል» ለሚል ባለንብረት ምክንያት ያሳጣዋል።

አራተኛውና ለመኮንኑ ዋነኛ የሆነው በእንግሊዝኛው ምኅፃር ፒ ኤንድ አይ ክለብ የሚባሉት፣ የመርከብ ባለንብረቶች ያቋቋሟቸው የጋራ መድን ማኅበራት የሚሰጡት ሽፋን ነው። አሠራራቸው በጋይንትም ሆነ በእስቴ የሚታወቀውን እድር ይመስላል፤ አባላቱ መዋጮ ያዋጣሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ላይ ከባድ ጉዳት ሲደርስ ከጋራው ገንዘብ ይከፈላል፣ መዋጮው ካልበቃ ደግሞ ተጨማሪ ይጠየቃሉ። ልዩነቱ አባሉ ባለንብረቱ መሆኑና መኮንኑ አለመሆኑ ነው። እነዚህ ማኅበራት ባለንብረቱ ለሠራተኞቹ ሕመም፣ ጉዳት፣ ሞትና ወደ አገር መመለስ ያለበትን ዕዳ ይሸፍናሉ። የጦርነትን አደጋ ከሽፋናቸው ቢያወጡም፣ በተለመዱት ደንቦቻቸው ውንብድና ከዚህ ገደብ የተለየ ስለሆነ፣ በወንበዴዎች እጅ የቆሰለ ወይም የሞተ መኮንን ካሳ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በእነርሱ በኩል ነው። ጉዳቱ የደረሰው በሮኬት፣ በቦምብ ወይም በመሰል የጦር መሣሪያ ከሆነ ግን ክፍያው ወደ ጦርነት አደጋ መድን ሰጪዎች ሊዛወር ይችላል። ለዚህም ነው ጥቃቱ ውንብድና ነው ወይስ የጦርነት ድርጊት የሚለው ክርክር የካሳን ዕጣ የሚወስነው። የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 101 ውንብድናን የሚተረጉመው በጥቅሉ በግል መርከብ ላይ ያሉ ሰዎች ለግል ጥቅም ብለው በአደባባይ ባሕር ላይ በሌላ መርከብ ላይ የሚፈጽሙት ሕገወጥ ዓመፅ አድርጎ ነው፤ ስለዚህ የሶማሊያ ወንበዴ ለገንዘብ ሲል የሚፈጽመው ጠለፋ ውንብድና ሲሆን፣ ለፖለቲካ ዓላማ የሚፈጸመው የሁቲዎች ጥቃት በመድን ዓይን የጦርነት አደጋ ነው። መኮንኑ ግን በሁለቱም ጊዜ የሚቆስለው በአንድ ዓይነት ሥጋ ነውና፣ ሁለቱንም የሚሸፍን መድን እንዲኖር ማድረግ የባለንብረቱ ግዴታ መሆን ይገባዋል።

ሕጉ ሸክሙን የጣለው በማን ላይ ነው?

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀውና በነሐሴ 2013 በሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች የሥራ ስምምነት ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ይሰጣል። በስምምነቱ መሠረት በሥራ ላይ ለሚደርስ ሕመም፣ ጉዳትና ሞት ወጪውን የሚሸከመው ባለንብረቱ ነው፤ ሕክምናውን ይከፍላል፣ ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ጊዜው በብሔራዊ ሕግ ሊወሰን የሚችልና ከ16 ሳምንት የማያንስ ደመወዝ ይሰጣል፣ በሥራው ላይ ቢሞት ደግሞ የቀብሩን ወጪ ይሸፍናል። በመድን ቋንቋ ሲነገር አረቦኑ የባለንብረቱ እንጂ የሠራተኛው አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የተደረገውና ከጥር 2017 ጀምሮ የጸናው ማሻሻያ ይህን ግዴታ በቃል ብቻ እንዳይቀር አድርጎታል። ባለንብረቱ ለሞትና ለዘለቄታዊ የአካል ጉዳት በውሉ የገባውን ካሳ የሚያረጋግጥ የገንዘብ ዋስትና እንዲኖረው፣ ሠራተኞቹን ጥሎ ከጠፋ ደግሞ እስከ አራት ወር የሚደርስ ያልተከፈለ ደመወዝን፣ የምግብና የነዳጅ ወጪን፣ እንዲሁም ወደ አገር መመለሻን የሚሸፍን ሌላ ዋስትና እንዲይዝ ያዛል። የሁለቱም ዋስትናዎች ምስክር ወረቀት ሠራተኞች በሚያዩት የመርከቡ ክፍል መለጠፍ አለበት፤ መድን ሰጪው ውሉን ከማቋረጡ በፊትም የባንዲራውን አገር መንግሥት ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ይገደዳል። ካሳው ሳይዘገይ በሙሉ እንዲከፈልና ተጎጂው ከውሉ ያነሰ ገንዘብ እንዲቀበል እንዳይጫንበት መደንገጉም የተጎጂን ቤተሰብ ድካም ያገናዘበ ነው።

ለታጋች መኮንን ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የተደረገውና ከታኅሣሥ 26 ቀን 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ማሻሻያ ነው። ከዚያ በፊት አንዳንድ ባለንብረቶች የሥራ ውሉ ጊዜ ሠራተኛው በታገተበት ጊዜ አብቅቷል እያሉ ደመወዝ ያቆሙ ነበር፤ አዲሱ ድንጋጌ ግን በውንብድና ወይም በመርከብ ላይ በሚፈጸም የታጠቀ ዘረፋ ምክንያት የታገተ ሠራተኛ የሥራ ውል፣ የተጻፈበት ጊዜ ቢያልፍም እንኳ፣ እስኪለቀቅና አገሩ እስኪገባ ድረስ እንደጸና ይቆጠራል፣ ደመወዙና ለቤተሰቡ በየወሩ ይላክ የነበረው ድርሻም ሳይቋረጥ ይቀጥላል ይላል። በእገታ ላይ ሳለ ከሞተ ደግሞ ክፍያው እስከ ሞተበት ቀን ይታሰባል። የስማዳ ገበሬ አባት ልጁ ታግቶ ሳለ የሚጠብቀው ከወንበዴዎች የሚመጣ ወሬ ብቻ ሳይሆን፣ በሕግ ሊቋረጥ የማይገባው ወርኃዊ ገንዘብም ነው።

ከሕጉ በተጨማሪ የመርከበኞች ማኅበራትና የአሠሪዎች ወኪሎች በሚደራደሩበት ዓለም አቀፍ የድርድር መድረክ የተደረሱት ስምምነቶች መብቱን ከፍ አድርገውታል። መድረኩ የጦርነት ቀጠና ብሎ በሰየማቸው ክልሎች የሚያልፍ ሠራተኛ ከመነሻ ደመወዙ ጋር የሚተካከል ተጨማሪ አበል ያገኛል፤ የሞትና የአካል ጉዳት ካሳው በእጥፍ ይሰላል፤ ወደዚያ ለመሄድ እንቢ የማለት መብት አለው፤ እንቢ ካለም ባለንብረቱ በራሱ ወጪ ወደ አገሩ መልሶ የሁለት ወር መነሻ ደመወዝ ይከፍለዋል። ይህ መብት የሚሠራው ግን ባለንብረቱ በዚህ ስምምነት የታቀፈ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ መኮንኑ ውሉ በየትኛው የኅብረት ስምምነት ሥር እንደሚወድቅ ማወቅ አለበት።

ባለንብረቱ ሲሸሽ

ሕጉ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያሳየው ሕጉ ያልነበረበት ጊዜ ታሪክ ነው። አይስበርግ 1 የተባለችው የጭነት መርከብ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 29 ቀን 2010 ከኤደን ወደብ ወጥታ ብዙ ሳትርቅ በሶማሊያ ወንበዴዎች ተጠለፈች፤ ከየመን፣ ከሕንድ፣ ከጋና፣ ከሱዳን፣ ከፓኪስታንና ከፊሊፒንስ የተውጣጡ 24 ሠራተኞች ነበሯት። መርከቧ መድን እንዳልነበራት በወቅቱ በስፋት የተዘገበ ሲሆን፣ ባለንብረቱ ድርድሩን ትቶ በመጥፋቱ ሠራተኞቹ ወደ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በወንበዴዎች እጅ ቆዩ። በታኅሣሥ 2012 የፑንትላንድ የባሕር ፖሊስ ኃይል ባደረገው ዘመቻ ሲለቀቁ በሕይወት የወጡት 22ቱ ብቻ ነበሩ። በኅዳር 2010 የተጠለፈችው አልቤዶ የተባለችው መርከብም ባለንብረቱ የተጠየቀውን ቤዛ ሊከፍል ባለመቻሉ መጨረሻዋ በ2013 በዚያው በታሰረችበት መስጠም ሆነ፤ በወንበዴዎቹ እጅ የቀሩት 11 ሠራተኞች ነፃ የወጡት ገና በሰኔ 2014 ነበር።

መድንና ባለንብረት መኖራቸው ብቻ ደግሞ ለሁሉም ዋስትና እንደማይሆን አስፋልት ቬንቸር የተባለችው መርከብ ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 ተጠልፋ በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ቤዛ ከተከፈለ በኋላ መርከቧና 8 ሠራተኞች ሲለቀቁ፣ የሕንድ ባሕር ኃይል ስለያዘባቸው ጓደኞቻቸው መደራደሪያ እንዲሆኗቸው ወንበዴዎቹ 7 ሕንዳውያንን አስቀርተው እስከ ጥቅምት 2014 ያዟቸው። መርከቡ ወጥቶ ሰው ሲቀር ለመርከቡ የተገባው ውል ያበቃል፤ ለሰው የተገባው ውል ግን ያኔ ነው ዋናው ሥራው የሚጀምረው። በእነዚህ ዓመታት ለታጋቹ ቤተሰብ የሚከፈለው ደመወዝና የሚሰጠው ድጋፍ መርከቡን ተከትሎ መቋረጥ አይገባውም፤ በ2018 የተደረገው ማሻሻያ ያስፈለገውም እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

የተሻለውን መንገድ ከእነዚህ ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። በመጋቢት 12 ቀን 2024 23 ባንግላዴሻውያንን ይዛ የተጠለፈችው አብዱላህ በሚያዝያ 14 ቀን፣ ከአንድ ወር ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ ሁሉም ሠራተኞቿ በሕይወት ሳሉ ተለቃለች፤ የእርሷ ባለንብረት የሆነው ኩባንያ ቀደም ሲል፣ በታኅሣሥ 2010፣ ጃሃን ሞኒ የተባለች ሌላ መርከቡ ተጠልፋ በመጋቢት 2011 እስክትለቀቅ ድረስ በድርድር ያለፈ ነበር። ዘመኑና ሁኔታው ቢለያይም፣ የሠራተኞቹን ዕጣ በእጅጉ የሚወስነው ከኋላቸው ለድርድርና ለክፍያ የተዘጋጀ ባለንብረት መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው።

የኢትዮጵያ ድርሻ

ኢትዮጵያ ለመርከብ ሥራ እንግዳ አገር አይደለችም። የኢትዮጵያ መርከብ አክሲዮን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቁሞ፣ አገሪቱ የባሕር በሯን ካጣች በኋላም ሥራውን ሳያቋርጥ፣ በ2004 ዓ.ም. ከባሕር ትራንዚት አገልግሎትና ከደረቅ ወደብ ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ የዛሬውን የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት መሥርቷል። ድርጅቱ ከቻይና አሠርቶ ያስገባቸው ዘጠኝ መርከቦች፣ ሰባቱ ደረቅ ጭነት ጫኞች ሁለቱ ደግሞ ነዳጅ ጫኞች፣ በአገሪቱ ከተሞች ስም ተሰይመው ነበር፤ ከእነርሱም አንዷ ባሕር ዳር ትባል ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ሕግ የመርከብ ባለንብረትን ከሠራተኛው ጋር የሚያገናኘውን ውል የሚገዛ ሲሆን፣ የባሕር ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549/1999 ደግሞ ዘርፉን የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤት አቋቁሟል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥር 2009 በጅቡቲ የተፈረመውን የባሕር ውንብድናን የመከላከል የሥነ ምግባር ደንብ ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች ጋር ተቀብላለች።

በኢትዮጵያ ባንዲራ ሥር ባለ መርከብ ላይ ኃላፊነቱ ግልጽ ነው፤ ባለንብረቱም ባንዲራውም አንድ አገር በመሆናቸው ተጠያቂውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ችግሩ የሚከብደው ወጣቱ መኮንን በአንድ አገር ባለቤትነት፣ በሌላ አገር ባንዲራ፣ በሦስተኛ አገር አስተዳዳሪ ኩባንያ በሚሠራ መርከብ ላይ ሲቀጠር ነው። የባንዲራው አገር የመርከቡን ሕግ የማስከበር ቀዳሚ ኃላፊነት አለበት፤ ይህን የማያስከብር ባንዲራ የያዘ መርከብ ላይ የሚቀጠር ሰው በወረቀት ላይ ያለ መብት እንጂ በእጅ የሚያዝ መብት የለውም። ለዚህም ነው የባሕር ሠራተኞች የሥራ ስምምነት ሠራተኛ በሚልከው አገር ላይም ግዴታ የጣለው። መርከበኛን የሚመለምል ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊው የምልመላ ክፍያ መቀበል አይችልም፤ እንዲሁም ኤጀንሲው ወይም ባለንብረቱ ግዴታውን ባለመወጣቱ ሠራተኛው ለሚደርስበት የገንዘብ ጉዳት በመድን ወይም በተመሳሳይ ዋስትና የሚካስበት ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። ሠልጣኞችን ለውጭ መርከቦች የሚያዘጋጁና የሚያገናኙ ተቋማትም ሥራቸው ምስክር ወረቀት በመስጠት አያበቃም፤ ተማሪው የሚሄድበትን መርከብ ባንዲራ፣ የባለንብረቱን ማንነትና የመድኑን ሁኔታ አጣርቶ ማስረከብ የሥልጠናው አካል ሊሆን ይገባል።

ከፊርማ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ለዓመታት በሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲደገፉ፣ ወጣቶቻቸውም ለቀን ሥራ ወደ መተማና ሑመራ ሲወርዱ ኖረዋል። በእንዲህ ዓይነት ቤት አንድ ልጅ ለመኮንንነት ሲበቃ፣ የብዙ ሰው ኑሮ በእርሱ ደመወዝ ላይ ይንጠለጠላል፤ ስለዚህ የሚፈርመው ውል የግሉ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሁሉ ውል ነው።

በዚህ ምክንያት ወጣቱ ከመፈረሙ በፊት ጥቂት ነገሮችን በጽሑፍ ማግኘት አለበት። በመጀመሪያ የመርከቡን ስም፣ መለያ ቁጥሩን፣ ባንዲራውንና በሕግ ተጠያቂ የሆነውን ባለንብረት ስም ማወቅ፣ የባንዲራው አገርም የባሕር ሠራተኞችን የሥራ ስምምነት መቀበሉን ማረጋገጥ አለበት። ቀጥሎ የባለንብረቱ የጋራ መድን ማኅበር የትኛው እንደሆነ መጠየቅና መርከቡ በዚያ ማኅበር መመዝገቡን ማጣራት ይገባዋል፤ ትልልቆቹ ማኅበራት የአባል መርከቦቻቸውን ስም በይፋ ስለሚያወጡ ይህን ማጣራት አስቸጋሪ አይደለም። ሦስተኛ፣ በውሉ ውስጥ የሞትና የዘለቄታዊ የአካል ጉዳት ካሳ መጠን በቁጥር መጻፉን፣ እገታን የሚመለከተው የደመወዝ ድንጋጌ መካተቱንና ጉዳቱ በውንብድናም ሆነ በጦርነት ምክንያት ቢደርስ ካሳው እንደሚከፈል ማየት ያስፈልጋል። አራተኛ፣ ደመወዙን በእገታ ጊዜ የሚቀበለውን የቤተሰብ አባል ስምና የባንክ ሒሳብ አስቀድሞ በውሉ ማስመዝገብ ይገባል፤ ይህ ካልተደረገ መብቱ ቢኖርም ገንዘቡን የሚረከብ ሰው በሕግ ተለይቶ ላይታወቅ ይችላልና። በመጨረሻም የውሉን ቅጂ ከመርከቡ ውጭ፣ በቤተሰብ እጅ ማስቀመጥ የማይታለፍ ጥንቃቄ ነው።

አንዳንድ መልማዮች ሠራተኛው በራሱ ገንዘብ የሕይወት መድን እንዲገዛ ይመክራሉ። በአገር ውስጥ ካሉት የመድን ኩባንያዎች ተጨማሪ የሕይወት መድን መግዛት ክልክል አይደለም፣ ለቤተሰብም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ይህ የባለንብረቱን ግዴታ የሚተካ መሆን የለበትም። አደጋውን የሚመርጠው፣ መርከቡን በየትኛው ባሕር እንደሚልክ የሚወስነውና ከጉዞው ትርፍ የሚያገኘው ባለንብረቱ ስለሆነ፣ የአደጋውን ዋጋ መሸከም ያለበትም እርሱ ነው። መኮንኑ ወደ አደገኛ ክልል የሚገባው በትእዛዝ ነው፤ በትእዛዝ የተሠማራ ሰው ለራሱ ደኅንነት ከኪሱ እንዲከፍል መጠየቅ ከፍትሕም ከሕግም ጋር አይስማማም።

ስለዚህ ኃላፊነቱ በየደረጃው የተከፋፈለ ነው፤ መድኑን የሚገዛውና ዕዳውን የሚሸከመው ባለንብረቱ፣ ይህ መፈጸሙን የሚያስገድደው የባንዲራው አገር፣ ዜጋው ያለ ዋስትና እንዳይላክ የሚከላከለው ደግሞ ሠራተኛውን የሚልከው አገር፣ ማሠልጠኛውና ኤጀንሲው ነው። ለመኮንኑና ለቤተሰቡ የቀረው ድርሻ ጥያቄዎቹን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ነው። ይህን መልስ ለመስጠት የሚያመነታ ቀጣሪ መርከቡ በወንበዴ እጅ ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ስላሳየ፣ የሚያቀርበው ደመወዝ ምንም ያህል ቢበዛ ውሉን አለመፈረም ይሻላል።